የብሎክ ሰባት ሙሽራ

በዚያ ዘመን በሴቶች ማደሪያ ውስጥ በየብሎኩ አንዲት ሙሽራ ነበረች። በመተዳደሪያ ደንብ የሰፈረ ነገር አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲውም አያውቀውም፣ ካወቀም እንዳላወቀ ሆኖ ያልፈዋል። አዲስ ገቢ ተማሪዎች ግን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ፣ የትኛው ካፌ ወጥ እንደሚያቀጥንና የትኛው መምህር ውጤት ላይ እጁ እንደሚያጥር ከመስማታቸው በፊት፣ የብሎካቸው ሙሽራ ማን እንደሆነች በጆሯቸው ይነገራቸዋል።

የብሎክ ሰባቷ ኩለኒ ትባላለች። የሦስተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ ግን ኮሪደሩን የምትሞላ፣ የሰው ጭንቀት ሁሉ የራሷ የሚመስላት ልጅ። ለሙሽራነት መልክ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አፍ መጠበቅ ነው፤ ኩለኒ ደግሞ የነገሯትን ረስታው እንደሆነ እስኪጠራጠሩ ድረስ ዝም የምትል ናት።

ነገሩን ያመጣው የማታው ንባብ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ እራት ሲቀርብ፣ የቤተሰቡን ጤና ያነባል። የአባወራው ደም ግፊት ከፍ ብሏል፣ ጨው ይቀነስ። የእማወራዋ ስኳር ደህና ነው። ትንሹ ልጅ ትል ተገኝቶበታል፣ እጁን ይታጠብ። ሲጨርስም እንደየቤቱ እምነት «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያሳርጋል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አትርፏል። ሕመሙን ደብቆ የሚሞት አባት የሞላበት አገር ስለነበር፣ ድምፁ ሲመጣ ሕዝቡ በእልልታ ነው የተቀበለው።

ችግሩ ድምፁ ይሉኝታ አያውቅም። ያላገባ ልጅ ደግሞ የትም ይኑር የት የሚቆጠረው በወላጆቹ ቤት ነው። ስለዚህ አንዲት ተማሪ ሐይቁ ዳር ካለው ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ገብታ ብትወጣ፣ በዚያው ምሽት ደሴ ወይም ነቀምቴ ወይም ጂንካ፣ እንጀራው ከመቆረሱ በፊት፣ «ልጅዎ ዛሬ የእርግዝና ምርመራ አድርጋለች፤ ጤናዋ መልካም ነው» ይባላል። በትሕትና፣ በጥሩ አማርኛ። ጎረቤትም ይሰማል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ያህል ምስጢር እንደሚይዝ የማያውቅ የለም። ድምፁን መንቀል ይቻላል፤ የነቀለ ቤት ግን የጤና መድኅኑ በማግስቱ ይቋረጣል፣ መልሶ ለመግባት ወረፋው ሰው ያስረጃል።

በዚህ ምክንያት ክሊኒኩ ከግቢው ሁሉ የጸዳ ቤት ነበር። የሚያቆሽሸው አልተገኘም። ወንበሮቹ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ለሴቶች ክብር ሲባል በምርመራ ክፍሎቹ ውስጥ ካሜራ እንዳይኖር ተደርጎ ነበር፤ ማንም ማንንም አያይም። ልጃገረዶቹ ግን ከዚህ ሁሉ ክብር ይልቅ ከአጥር ውጭ በፌስታል የሚሸጠውን ክኒን ይመርጡ ነበር። አንዳንዶቹ በዚያው ታመው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሲገፋ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

አንድ ቀን አንዷ ብልህ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ባለትዳር ሴት የራሷ ቤት አላት። የሷ ንባብ ወደ ወላጆቿ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ በየብሎኩ አንዲት ልጅ ተመርጣ ከአንድ የታመነ ወንድ ተማሪ ጋር ቀበሌ ትሄዳለች፣ አውራ ጣታቸውን ያስነካሉ፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ሠርጉ አለቀ። ኩለኒን ያገባት ቦና የሚባል የመንገድ ምሕንድስና ተማሪ ነው። ለውለታው የብሎክ ሰባት ሴቶች የላብራቶሪ ሪፖርቱን በተራ ይጽፉለታል። የባልና ሚስቱ ቤት ተብሎ የተመዘገበው የቦና ዶርም ነበርና፣ አንዳንድ ማታ ስድስት ወንዶች ካርታ ሲጫወቱ «ወይዘሮ ኩለኒ ዛሬ የአባላዘር በሽታ ምርመራ አድርገዋል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ካርታውን ትቶ ቀና የሚል አንድም ሰው የለም።

የቀረው ሥራ የአምባሩ ነው። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ነጭ አምባር ነበረው፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ካፌውንም ክሊኒኩንም የሚከፍተው እሱ ነው። በሳሙና ውኃ ይወልቃል። የሠሩት ሰዎች አንድ ሰው አምባሩን አውልቆ ለሌላ ያውሳል ብለው አላሰቡም፤ ከእኛ ጋር አይተዋወቁም ማለት ነው። እኛ ድስት፣ ወንበር፣ የሠርግ ካባ፣ ሲቸግር ልጅ ሳይቀር ስንዋዋስ የኖርን ሰዎች ነን። አንድ አምባር ግን በወር አንዴ ብቻ ነው ክሊኒክ የሚያስገባው፤ ስለዚህ ብሎኩ እቁብ ገባ። ዕጣ የምታወጣው ራኬብ የምትባል የሕግ ተማሪ ናት። የባሰባት ካለች ዕጣ የወጣላት ትለቅላታለች። ሲለቁ ማጉረምረም ነውር ነው።

አመለወርቅ ይመር በዚህ እቁብ ከወጣላቸው አንዷ ናት። ስሟ አያስገርማችሁ፤ በዚያ ዘመን የቅድመ አያት ስም ተመልሶ ዘመናዊ ሆኖ ነበር። ከኩለኒ ጋር አንድ ክፍል ይኖራሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። አምና ዕጣው ሲወጣላት የኩለኒን አምባር አጥልቃ ገባችና ለዓመታት የሚያገለግለውን የእርግዝና መከላከያ ክንዷ ውስጥ አስቀበረች። ያን ጊዜ ኤልዳድ የሚባል ልጅ ነበር። ኤልዳድ በፋሲካ ሰሞን ሌላ ይዞ ሄደ፤ ክንዷ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ አለ። በክሊኒኩ ዕውቀት መከላከያው ያለው ወይዘሮ ኩለኒ ክንድ ውስጥ ነው።

አመለ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ደሴ ያለው ቤታቸው ውስጥ ስሟ መነበቡን። አባቷ ሹፌር የሌላቸውን የጭነት መኪናዎች ሳሎን ቁጭ ብሎ በስክሪን የሚጠብቅ፣ የግፊት መድኃኒቱን በመድኅን የሚወስድ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሱ በላይ የምትፈራው ግን አክስቷን እትዬ ዙሪያሽን ነበር። እትዬ ዙሪያሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራቸው ትኖራለች፤ ንባቡ ሲደርስ ወንበሯን እየጎተተች ከድምፅ ማጉያው ሥር ትቀመጣለች። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚያይ እሷ የሰው ገበና ትሰማለች ይሉ ነበር በቤት ውስጥ። የራሷ ልጅ ሐረግ ሁለተኛ ዓመት ሳለች ስሟ ተነበበና ትምህርቷ እዚያው ላይ ቆመ። አመለ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሐረግ ፍራሿን ጠቅልላ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ ከሰፈሩ ሰው አንድም «እንኳን ደህና መጣሽ» ያላት አልነበረም። ይሄን አትረሳውም። ሐረግ አሁን አዳማ ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ለበዓል እንኳ አትመጣም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ኩለኒ ከጠዋት ጀምራ ከአልጋ አልተነሳችም። አመለ ከካፌ ዳቦ ይዛላት ስትመጣ ጉልበቷን ከሆዷ ጋር አጣብቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘቻት።

«ምን በልተሽ ነው ኩሌ?»

«እንጃ። ከጎኔ ነው፣ እዚህ ጋ። ትከሻዬንም ይወጋኛል።»

«ሆድ ታሞ ትከሻ?»

 የኩለኒ ግንባር በላብ ረጥቦ ነበር፣ እጇ ግን ቀዝቅዟል። ለመነሳት ስትሞክር ዓይኗ ተገለበጠና አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። አመለ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። የኩለኒን ክንድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እያረፉ፣ እየሄዱ፣ ክሊኒኩ ደረሱ።

በሩ ለኩለኒ አምባር ተከፈተ። የክሊኒኩን ድምፅ ተማሪዎቹ እታለም ይሏታል፤ እውነትም የታላቅ እህት ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነበራት።

«እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ኩለኒ። ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

«ሆዷን አሟታል» አለች አመለ። «እራሷን ልትስት ነበር።»

«አዝናለሁ። የሚታየኝ የሆድ ቁርጠት ነው። ለዛሬ ሽሮና ምስር ባይበሉ ይመረጣል። ሙቅ ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ።»

«አልትራሳውንድ አንሺያት። ደም መርምሪ።»

«አያስፈልግም። ወይዘሮ ኩለኒ መከላከያ ክንዳቸው ውስጥ አለ። ጤናቸው መልካም ነው።»

ኩለኒ የአመለን እጅ ሳበችና አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «አመሌ፣ ቀርቶብኛል።»

«ምኑ?»

«የወር አበባዬ። ሁለተኛ ወሩ ነው።»

 «ከማን?»

«ከባሌ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ተንከባልላ በሳቀች። ቦና የወረቀት ባል ነው፤ ሙሽራና ሙሽራው ሰላምታ እንኳ አሳጥረው እንዲሰጣጡ ብሎኩ ራሱ መክሯቸዋል። ለካ ሁለቱ ከተጋቡ በኋላ ነው የተዋደዱት። ኩለኒ እያቃሰተች ነገረቻት። ሹመቷን ለግል ጥቅም ያዋለች መስሏት አፍራ ነው የደበቀችው። አመለን ግን አንድ ነገር አናደዳት።

«እና አምባሩ ያንቺ ሆኖ ለራስሽ መከላከያ አልወሰድሽም?»

«በየትኛው ተራ? ሁልጊዜ የባሰባት ትመጣለች። መጋቢት ላይ ግን ገብቼ ጠይቄ ነበር። ክንድሽ ውስጥ አለ አለችኝ።»

«ቦናስ?»

«የሱን የኮንዶም ድርሻ የዶርሙ ወንዶች ይሻሙታል።»

አመለ የገዛ ክንዷን አየችው። ከቆዳዋ ሥር ያለችው ቀጭን ነገር እንደወትሮዋ ምንም አትታይም። አምባሩን አጥልቀው ከገቡት የብሎክ ሰባት ሴቶች ሁሉ አንዲት ልጅ ብቻ ከክሊኒኩ ምንም ሳታገኝ ቀርታለች፤ እሷም በሩን ለሁሉም የምትከፍተው ናት። ይህን ስታስብ ከሐፍረት የተነሳ ጆሮዋ ጋለ።

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ሲስተር ብዙነሽ ይባላሉ፤ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ሥራቸው መጋረጃ ማስተካከልና ማሽኑ «ሰው ይምጣ» ሲል መምጣት ነው። ማሽኑ ሰው ይምጣ ብሎ አያውቅም። አመለ ኮሪደሩ ላይ አግኝታ ጎትታ አመጣቻቸው። ሲስተር ብዙነሽ የኩለኒን ፊት አዩና የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረጉ።

«ደም እየፈሰሳት ነው፣ በውስጥ» አሉ። «ከማህፀን ውጭ ያረገዘች ሴት እንደዚህ ትሆናለች።»

«ታዲያ ይንገሯታ ለማሽኗ። አምቡላንስ ይጥሩልን።»

«እኔ ብነግራት አትሰማኝም፣ ልጄ። አምቡላንሱም የሚጠራው በሷ ነው። በባጃጅ ብትወስጃትም ሆስፒታሉ የሚያነበው ይሄንኑ አምባር ነው፤ የሆድ ቁርጠት ብሎ ይመልሳታል።»

«መከላከያው ክንዷ ውስጥ የለም ብንላትስ?»

ሲስተር ብዙነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ካልሽ ጠፋ ብላ ትመዘግባለች። ለጠፋ ነገር ኮሚቴ ይሰበሰባል። ቅዳሜ ማን ይሰበሰብልሻል?» ከዚያ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተገኘ ከተባለ ግን ኮሚቴ የለም። የተገኘበት ክንድ እዚህ ማንበቢያ ላይ ካረፈ፣ ወዲያው ታርመዋለች። እኔ ማን በማን አምባር እንደገባ አልጠየቅሁም፣ ለዓመታት ጠይቄም አላውቅም። አሁን ግን እጠይቃለሁ። የማን ክንድ ነው?»

በዚህ መሃል ራኬብና ቦና ገቡ። አመለ በመንገድ ላይ ደውላላቸው ነበር። ቦና ማንንም ሳያይ ኩለኒ እግር ሥር ተንበረከከና ሁለት እጇን ያዘ፤ እንደዚያ የሚይዝ ሰው የወረቀት ባል አይደለም። ራኬብ ይህን አየች፣ ዋጥ አደረገችው፣ አመለን ወደ መጋረጃው ጥግ ወሰደቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ክንዴን ላስቀምጥ ነው።»

«አስቢበት። ቤትሽ ይነበባል። ያንቺ ብቻ አይደለም፣ አምባሩ ይበላሻል። ከዛሬ በኋላ ብሎክ ሰባት ሙሽራ የለውም። ማክሰኞ አዲሱ ወር ሲገባ ተራዋ የሆነችውን ልጅ ታውቂያታለሽ፤ እሷን ምን እንበላት?»

«ኩሌ ሞተች እንበላት?»

 ራኬብ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የብዙ ሰው ነገር ትከሻዋ ላይ ስለተጫነ ነው። «ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ነው» አለች። «እኔ ብሆን የማደርገው አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም ነበር» አለች አመለ።

አልዋሸችም። ወደ ማንበቢያው ስትሄድ ትዝ የሚላት ኩለኒ ሳትሆን የሐረግ ፍራሽ ነበር። ነገ ይህ ግቢ ለሷ እንደማይኖር፣ የምታውቀው ነገር ሁሉ፣ የጀመረችው የውኃ ምሕንድስና፣ የሐይቁ ዳር መንገድ፣ አብሯት የኖረው ሳቅ ሁሉ ዛሬ ማታ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚያልቅ ታሰባት። አንድ ጊዜ ቆመች። ከኋላዋ ኩለኒ «ቦኒ፣ በረደኝ» ስትል ሰማች። አመለ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን አስቀመጠች።

 «ተገኝቷል» አለች እታለም። «አመለወርቅ ይመር፣ ስለ እርማቱ እናመሰግናለን። ማስታወቂያው ከዛሬ ጀምሮ ለሦስት ምሽት ለቤተሰብዎ ይነበባል።» ወዲያው በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ወይዘሮ ኩለኒ፣ አደገኛ ሁኔታ ላይ ነዎት። እባክዎ አይንቀሳቀሱ» አለች።

ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ሆነ። የግድግዳው አልጋ ወረደ፣ አልትራሳውንዱ ከጣሪያው ተዘረጋ፣ ውጭ የአምቡላንሱ ድምፅ ተሰማ። ያ ሁሉ መሣሪያ እዚያው በእጅ ርቀት ላይ ተጣጥፎ ሲጠብቅ ነበር። ሲስተር ብዙነሽ የኩለኒን ጫማ ፈቱላትና ጫማውን እንደያዙ አምቡላንሱ ውስጥ ገቡ። ውረዱ ያላቸው የለም።

የከተማው ሆስፒታል ኮሪደር ሰፊና ሰው የሌለበት ነበር። ቦና ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አመለ ጎኑ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትገባ ስትቃረብ፣ በመስኮቱ ማዶ ካሉት ቤቶች እራት ሲሰናዳ የሚሰማው የሳህን ድምፅ መምጣት ጀመረ።

«ሰዓቱ ደረሰ» አለች አመለ።

ቦና ምን እንደምትል ገባው። «ስልክሽን ዝጊው።»

«ብዘጋውስ?»

ንባቡ ከየመስኮቱ ተሰማ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ግፊት፣ የማያውቋቸው ሕፃናት ክትባት። ደሴም አሁን እየተነበበ ነው። እናቷ እንጀራ እየቆረሰች፣ አባቷ ስክሪኑን ወደ ጎን አድርጎ፣ እትዬ ዙሪያሽ ወንበሯን ጎትታ። ንባቡ አለቀ። ስልኩ አልጮኸም። ዝምታው ከስድብ ከፋባት፤ ሐረግንም መጀመሪያ የቀጧት በዝምታ ነበር።

ሐኪሙ ሲወጣ ሁለቱም ብድግ አሉ። ወጣት ሰው ነው፣ ደክሞታል። «የማህፀን ቱቦዋ ፈንድቶ ነበር፣ አውጥተነዋል» አለ። «ብዙ ደም ፈሷታል፣ ግን ትተርፋለች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ይሄን አልነግራችሁም ነበር። ባለቤቷ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቦና። ይህን ቃል ለቀበሌው ሲለው እሱና ኩለኒ ስቀው ነበር። አሁን እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ሐኪሙን ተከትሎ ገባ፤ ሲስተር ብዙነሽም ጫማውን እንደያዙ ከኋላው ሄዱ። አመለ ብቻዋን ስትቀር እፎይታው ደረቷን ሞላው፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። እትዬ ዙሪያሽ ነበረች።

«አንች ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔም ጓዳ ገብቼ ነው። ሰማሁት።»

 «አባዬስ?»

«አልሰማም። ስምሽን ሲጀምር ትሪውን ለቀቅሁት። የሻይ ብርጭቆው ሁሉ ዱቄት ሆነ። እናትሽ ስትዘል፣ አባትሽ እኔ ላይ ሲጮህ፣ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ለፍልፎ ጨረሰ።»

«እጅሽ ከድቶሽ ነው?»

«እጄማ ምን ሆኖ። አውቄ ነዋ።» አለች እትዬ ዙሪያሽ። «እዚያ ነገር ሥር ተጎልቼ የማመሸው ወሬ ወድጄ ነው ትላላችሁ። አውቃለሁ፣ ይነገረኛል። ሐረግ የተነበበች ጊዜ እኔ ጓዳ ነበርሁ። ሮጬ ስደርስ ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ከሥሩ ጠፍቼ አላውቅም፤ ባንች እንዳይደገም ብዬ ነው። ያን ጊዜ ልጄን ከትምህርቷ ያስወጣት አባቷ አይደለም፣ ባሌ ምን አለ፣ እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም።»

 አመለ ይህችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራት ኖራለች፤ በየበዓሉ ስትስማት እንኳ ቶሎ ነበር የምትለቃት።

«አሞሻል እንዴ? ምን ሆነሽ ነው የተነበብሽው?»

«እኔ ደህና ነኝ። ጓደኛዬ ልትሞት ነበር። ተርፋለች፣ አሁን ነገሩን።»

«ተመስገን። እንግዲያስ ደግ አድርገሻል፣ ምንም ይሁን ምን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደሰማሁት ነገም ይደግመዋል። ሦስት ማታ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ብርጭቆ ጨርሻለሁ፤ ነገ ምን እንደምሰብር አንች ምከሪኝ» አለች።

አመለ ሳቀች። ሳቋ ከለቅሶዋ ጋር ተቀላቅሎ ኮሪደሩ ላይ አስተጋባ። አክስቷ ነገም ከነገ ወዲያም ድስቱንም መስታወቱንም እንደምትሰብር አወቀች። ከሦስተኛው ማታ በኋላ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል፤ ግቢዋም ትምህርቷም ባለበት ይቀጥላል። የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ግን ኩለኒን የት እንዳደረሳት አይታለች፤ አሁን ከበሩ ማዶ ተኝታለች፤ ይህችም ሴት ጓዳ ውስጥ ተደብቃ በሹክሹክታ ታወራለች።

«ነገ ምንም አትስበሪ፣ እትዬ» አለች። «አባዬን ስጪኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስጪኝ ግን።»

የነጠላ ጫማ ድምፅ፣ የበር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አባቷ ስልኩን ያዘ።

«አመሌ። ምነው ድምፅሽ?»

«አባዬ፣ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ነገ ስለኔ የሚነግርህ አለ። ዛሬም ነግሮህ ነበር፣ አልሰማኸውም። ከሱ ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።»

 አመለ ዝምታውን ሰማች፤ የምፈራው ዝምታ ይህ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲወጣበት፣ ሚስማር ከግድግዳ ሲነቀል ተሰማ። የእትዬ ዙሪያሽ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ «ኧረ ይመር፣ መድኅኑ ይቋረጣል። መድኃኒትህስ?»

«ይቋረጣ» አለ አባቷ። ትንፋሹ አጥሮ ነበር፤ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ አመለ ጠበቀችው። «በይ እሺ፣ ልጄ» አለ ከዚያ፣ «አሁን የሚያወራ ሌላ የለም። ንገሪኝ።»

አመለ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።